ከሰባት ቤት አንድ ሲጎድል

ደምመላሽ የሚባል ሰው ልጅሽን ከጅሏታል ሲሉኝ መጀመሪያ የጠየቅሁት «የማንን ደም ነው የሚመልሰው?» ብዬ ነው። እንዲህ ያለ ስም በከንቱ አይወጣም። ሰው የተገደለበት ቤት ነው ልጁን እንዲህ ብሎ የሚጠራ።

ልጄ ማሬ ከቤሩት በጤና ከተመለሰች ገና ዓመት አልሞላትም ነበር። ባሕር ተሻግራ ያልሞተችውን ልጅ አንድ ባለ ቂም ቤተሰብ ከጉና ወርዶ ሊያጠፋብኝ ነው ብዬ ደመደምሁ። ጎረቤቴ ጌጤ «አንቺ ሰማይ ሳይጠቁር ዣንጥላ ትዘረጊያለሽ» ትለኛለች። ደብረ ታቦር ላይ ዣንጥላ ዘርግቶ የተሳሳተ ሰው ግን እስካሁን አላየሁም።

ነገሩን ያመጣው የልጅቱ ጽሑፍ ነው። ማሬ ሰው ቤት ስትሠራ በስልኳ ታሪክ መጻፍ ለምዳ መጣች። ያልነበረ አገር፣ ያልነበረ ንጉሥ፣ እሳት የሚተፋ ዘንዶ። ሥራ ፈልጊ ስላት እጽፋለሁ ትለኛለች፤ አግቢ ስላት እጽፋለሁ ትለኛለች። ለሰው የምትልከው በቴሌግራም ነበር። ኔት የተቋረጠ ጊዜ እሰይ አልሁ፤ አሁን ታርፋለች ብዬ። እሷ ግን ታሪኳን በእጇ ወረቀት ላይ ገለበጠችና ወደ ዩኒቨርሲቲው በሚወስደው መንገድ ዳር ወዳለች አንዲት ፎቶ ኮፒ ቤት ይዛው ሄደች።

የቤቲቱ ባለቤት ያ ደምመላሽ ነበር። ቀጭን፣ ረጅም፣ ሹራቡ ክርኑ ላይ የተበሳ። ማንም ሳይጠይቀው ኮፒ የሚያደርገውን ወረቀት ሁሉ ያነባል። የማሬንም እያነበበ ጥቂት ገጽ ከሄደ በኋላ ማሽኑን አቆመው።

«ይሄ ንጉሥሽ ምን ይበላል?» አላት።

«ምን አገባህ? አንተ ኮፒህን አድርግ።»

«አገሩ ሁሉ በረዶ ነው። ገበሬ የለ፣ በሬ የለ፣ ገብስ የለ። ከነሠራዊቱ በረሃብ ሊያልቅ ነው ብዬ ነው።»

«ዘንዶ አለው።»

«ዘንዶውስ ምን ይበላል?»

ወረቀቷን ነጥቃው ወጣች። ቤት መጥታ ስትሰድበው ዋለች፤ ማን ሆነና ነው፣ ቀለም ሻጭ፣ ምን ያውቃል። እኔ በሆዴ ደስ አለኝ። ይኼኔ አፍራ ትተወዋለች አልሁ። በማግስቱ የዘንዶውን ታሪክ ከዳር እስከ ዳር ስትቀደው ሳይም ደስታዬ ጨመረ።

አልተወችውም። ክረምቱን ሙሉ መስኮቱ ሥር ብርድ ልብስ ተከናንባ ቁጭ አለች። መስኮታችን ወደ ጉና ነው የሚያይ። ክረምቱ ሲወጣ አዲስ ታሪክ ይዛ ተነሣች። ከጉና ተራራ ውስጥ የሚኖሩ ሰዎች ታሪክ ነው። ጠዋት ጠዋት ይወጡና ጉሙን እንደ በግ ጠፍረው ይሸልቱታል፤ ፈትለው ይለብሱታል። ንጉሣቸው ራሱ እርፍ ይዞ ያርሳል። ገብሳቸውን ውርጭ ይበላባቸዋል፤ ይጣላሉ፤ ይራባሉ። መጀመሪያ ወደ ተራራው ያገባቸው ገላው የሚባል ባለ አንድ ጆሮ ሰው ነው፤ ጥቁር ሙክት እየነዳ።

ልነቅፈው ብዬ ነው ያነበብሁት። ሳነበው በረደኝ፤ እሳቱ አጠገብ ቁጭ ብዬ።

እሱም ቆሞ አነበበው አሉ። ተማሪዎች ወረፋ ይዘው እያጉረመረሙ፣ ማሽኑ ቆሞ፣ እሱ ገጽ ይገልጣል። ሲጨርስ አላመሰገናትም።

«ጉሙ ሲሸለት ይጮሃል ወይስ ዝም ይላል?» ብሎ ጠየቃት።

ማሬ አስባው አታውቅም። «አላውቅም» አለችው። እሱም ተጨማሪ አልተናገረ፤ እሷም። ወረፋ የያዘ አንድ ተማሪ «እናንተ ዝም ስትሉ የእኛ ፈተና ያልፋል» እስኪላቸው ድረስ ቆመው ቀሩ። ኋላ እንደነገረችኝ ከዚያች «አላውቅም» በፊት ለማንም ሰው ያንን ቃል ብላ አታውቅም።

ከዚያ ወዲያ ለሰሚ የሚያሳፍር ልማድ አመጣች። ለሰው በምትበትነው ኮፒ በየገጹ ዳር ሰፊ ባዶ ቦታ ትተዋለች፤ መጨረሻው ላይ «ያልጣማችሁን ጻፉበትና መልሱልኝ» ትላለች። ሰው ስድብ በነጻ ሲፈቀድለት ደግሞ ታውቁታላችሁ። ወረቀቱ ሲመለስ «ቃልቻ» የሚል አለበት። «የአረብ አገር ጋኔን ተሸክማ መጣች» የሚል አለበት። «ባል ብታገኝ ይለቃት ነበር» የሚል አለበት። እኔ ብሆን አቃጥለው ነበር። እሷ እያንዳንዱን ስድብ ከነመልሱ እየጻፈች በፎቶ ኮፒ ቤቱ የውጭ ግድግዳ ላይ ለጠፈችው።

ቃልቻ ላላት «ቃልቻ ብሆን የቤት ኪራይ አይቸግረኝም ነበር» ብላ መለሰች። ሦስተኛው ምዕራፍ ያስተኛል ላለ ሰው «ልክ ነዎት፤ ስጽፈው እኔንም ወስዶኝ ነበር። እንደገና ጽፌዋለሁ፤ አሮጌውም ይኸው፣ አስተያዩት» አለች። የትኛውን ነገር ከየት እንዳመጣችው፣ የቱ ጋ እንደተሳሳተች፣ የቱን መጻፍ እንደከበዳት፣ ሁሉንም እዚያ ታወጣዋለች። አላፊ አግዳሚው ቆሞ ያነባል። እኔ በዚያ ስሄድ ነጠላዬን እስከ አፍንጫዬ አነሣለሁ።

«ጓዳውን ለመንገደኛ የሚከፍት ሰው የት አየሽ?» አልኋት።

«ጓዳዬን ካላዩ የማቀርብላቸውን አያምኑትም፣ እማ» አለችኝ።

ከሁሉ የከፋው ተሳዳቢ እሱ ራሱ ነበር። በቀይ እስክሪብቶ ነው የሚጽፈው። አንድ ጊዜ «ይህች የንጉሡ ልጅ ወንድሟ ሞቶ ለምን አታለቅስም? ደራሲዋ ፈርታለች» ብሎ ጻፈባት። አሁንስ ታዋርደዋለች ብዬ ጠበቅሁ። ግድግዳው ላይ የወጣው መልስ ሁለት ቃል ነበር፤ «አዎ፣ ፈርቻለሁ።»

ያን ቀን የምፈራው ነገር እንደደረሰ አወቅሁ። ቆርጬ ወደ ሱቁ ሄድሁ።

«ልጄን ተዋት» አልሁት፣ እግሬ ገና ከደጃፉ ሳይገባ።

«እማማ፣ እንዴት ዋሉ? እስቲ መጀመሪያ ይቀመጡ።»

«አልቀመጥም። ተዋት።»

«እኔ ብተዋት እሷ ትተወኛለች? ገብስ መቼ እንደሚታጨድ አያውቅም ብላ ግድግዳዬ ላይ ሰቅላኛለች። ጉና ላይ የተወለድሁትን ሰውዬ።»

ስሙን ማን እንዳወጣለት ጠየቅሁት። አያቱ ነው አለ፤ እሱ ሳይወለድ አጎቱ በድንበር ጠብ ሞቶ ነበር። ደሙስ ተመለሰ ወይ አልሁት። ሽማግሌ ገብቶ፣ ካሣ ተከፍሎ፣ ከታረቁ ቆይተዋል፤ የቀረው ስሙ ብቻ ነው አለኝ። አላመንሁትም። እርቅ እንደ ገለባ እሳት ነው፤ ጠፋ ሲሉት ከሥሩ ይጤሳል።

ይህን እያልሁት ማሬ ገባች፤ ዝናብ ደብድቧት። ሰላምታ የለ። አንድ ወረቀት ዘረጋላት፤ ተቀበለችው። እጃቸው እንኳን አልተነካካም። ወረቀቱን አየችና እሱን አየችው፤ እሱም ማሽኑን እየነካካ የማያየው መሰለ፣ ከዚያ አያት። እናት ነኝ ብዬ ከመካከላቸው ቆሜአለሁ፤ ሁለቱም መኖሬን ረስተውታል። ወደ ቤት ስመለስ መንገዱን አላየሁትም።

በሳምንቱ ጣራ ገዳም ወጥቼ ተሳልሁ። ይህን ልጅ ከልጄ አርቅልኝ፣ ጧፍና ዕጣን አገባለሁ አልሁ።

ሽማግሌ የላከው ከፋሲካ በኋላ ነው። ልመልሳቸው አስቤ ነበር። ማሬ አልለመነችኝም፤ የቤቱን ወለል ስትጠርግ አየኋት፤ አንዱን ቦታ ደጋግማ ትጠርገዋለች። ወንድሜን ፋንታውን ጠራሁትና ይግቡ አልን።

ሽማግሌ ሲገባ በእኛ አገር መጀመሪያ ዘር ይቆጠራል። በልጅቱም በልጁም በኩል እስከ ሰባት ቤት፤ የትም ላይ ከተገናኙ ጋብቻ የለም። ፋንታው የእኔን ወገን እንደ ውዳሴ ማርያም ወረደው። የባሌ ወገን ላይ ሲደርስ ግን ድምፁ ቀነሰ። ባሌ ማሬ ሳታድግ ነው የሞተ፤ ዘመዶቹም ተበትነዋል። ፋንታው አራት ቤት ቆጠረና ከዚያ በላይ ያለውን የሚያምር የሚያምር ስም እየመረጠ ሞላው። ባዶ ቤት ይዘን እንዳንዋረድ ብሎ ነው። እኔም ገብቶኝ ዝም አልሁ። በደምመላሽ በኩል አያቱ አያ ባዩ ቆጠሩ፤ ደበሎአቸውን ለብሰው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ አንድም ስም ሳይዘሉ። አልተገናኘም። ከሽማግሌዎቹ ጋር የመጡት ቄስ እሰየው አሉ።

የሠርጉ ጠላ ተጠምቆ ያለቀ ያህል ቤቱ ሞቆ፣ ማሬም ከጓዳ ጠላ ይዛ ስትገባ አያ ባዩ ዓይናቸውን ገለጡ።

«አንቺ ልጅ፣» አሉ፣ «ያን ባለ አንድ ጆሮ ሰው ከየት አመጣሽው?»

ሰዉ ሳቀ። የልጅ ልጆቻቸው ታሪኩን እያነበቡላቸው ኖሯል። ማሬ ፊቷ በራ። አንባቢ ከጠየቃት አትደብቅም፤ ልማዷ ነው፣ አስለምዳቸዋለች።

«አባቴ ነው የነገረኝ፣ አያ። የአያቱ አያት ናቸው። ጅብ ጆሯቸውን በልቷቸው፣ ጥቁር ሙክት እየነዱ ከጉና የወረዱ። ግድግዳውም ላይ ጽፌዋለሁ።»

«ጅብ አይደለም የበላቸው» አሉ ሽማግሌው ቀስ ብለው። «ውርጭ ነው። የእኔ ቅድመ አያት ናቸው።»

ዋንጫ የያዘ እጅ ሁሉ ባለበት ቆመ። አያ ባዩ በጣታቸው እንደገና ቆጠሩ። በእሱ በኩል ስድስት። በእሷ በኩል ስድስት። ቄሱ ወደ ወለሉ እያዩ፣ ሰባት ካልሞላ እኔ ምን ላድርግ አሉ። ደምመላሽ በሽማግሌዎቹ ጀርባ በር አጠገብ ቆሞ ነበር። ማሬን አላያትም። የሚያየው እጆቹን ነበር።

ለጣራ ገዳም የተሳልሁት ትዝ አለኝ።

ፋንታው አልተሸነፈም። «አያ ባዩ፣ ይሄ'ኮ ልብ ወለድ ነው። ውሸት መጻፍ ሥራዋ አይደለም እንዴ?» አለ።

ሽማግሌዎቹ ቃሉን ከአፉ ነጠቁት። እውነት ነው፣ ልጅቱ ፈጣሪ ናት፣ ጉም የሚሸለትበት አገር የፈጠረች አንድ ሰው መፍጠር አቅቷት ነው? አያ ባዩ በር አጠገብ የቆመውን ደምመላሽን አዩት። የልጅ ልጃቸውን ይወዱታል።

«አገር ሁሉ ግድግዳው ላይ አንብቦታል» አሉ በመጨረሻ። «እዚያው ላይ ፈጥሬው ነው ብላ ትጻፈው። እኔ አርጅቻለሁ። ጆሮዬ የሰማውን ልረሳው እችላለሁ።»

እነሱ ሲወጡ በዚህ ቤት ውስጥ ጋብቻውን ከሁሉ አብልጬ የምፈልገው እኔ ሆኜ አገኘሁት። እንዴት እንደሆነ አትጠይቁኝ። የልጄን ፊት ስላየሁት ነው።

«አንዲት መስመር ናት» አልኋት። «ስንት መቶ ገጽ ውሸት ጽፈሽ የለም?»

«ታሪኩ ውስጥ እዋሻለሁ፣ እማ። ሰውም እያወቀ ነው የሚያነበኝ። ግድግዳው ላይ ግን ዋሽቼ አላውቅም።»

«ማን ያውቅብሻል?»

«እኔ አውቃለሁ። እሱ ያውቃል። አንቺም ያረገዝሁ ቀን ጀምረሽ ልጁ ምን ሆኖ ይወለድ ይሆን እያልሽ አጠገቤ ቁጭ ትያለሽ።»

የወለድሁት ልጅ ታውቀኛለች።

በማግስቱ ወደ ሱቁ ስትሄድ ተከተልኋት። ደምመላሽ ሱቁን ከፍቶ ሰው አላስገባም። ማሽኑ ላይ ንጹሕ ወረቀት፣ ወረቀቱ ላይ እስክሪብቶ አኑሯል። እኔ በሩ ላይ ቆምሁ፤ ግቢም አላሉኝ፣ ሂጂም አላሉኝ።

«መንገዱን ሙሉ ጻፊው ልልሽ እያሰብሁ ነው የመጣሁ» አላት።

«በለኝ እንግዲያ።»

«ብትጽፊው አንብቤ እለጥፈዋለሁ። ከዚያ በኋላ ግን አላውቅም፣ ፈርቻለሁ ስትዪ እንዴት አድርጌ አምንሻለሁ?»

«እንዳልጽፈው ነው የምትለምነኝ?»

«አልለምንሽም። እንድትጽፊው እፈልጋለሁ፣ ማሬ። እንዳትጽፊውም እፈልጋለሁ።»

ማሬ ቀና ብላ አየችው። እኔ እንዲህ ዓይነት አተያይ አይቼ አላውቅም፤ ሰው ሊጓዝ ሲል ቤቱን እንደሚያየው፣ ከጣራው እስከ መሠረቱ። እሱም ዓይኑን አልሰበረም። ማሽኑ ብቻ ያጉረመርማል። ከዚያ ጎንበስ ብላ ጻፈች።

«ባለ አንድ ጆሮ ገላውን አልፈጠርኋቸውም። የአባቴ የአያቱ አያት ናቸው፤ ጆሯቸውን ጅብ የበላቸው። ደምመላሽም የእርሳቸው ዘር ነው። ስድስት ቤት ነን፤ ስለዚህ ወንድሜ ነው። የምትጠይቁት ካለ ጠይቁኝ።»

እሱ አነበበው። ቀዩን እስክሪብቶ አነሣና «ጅብ» የሚለውን ሰርዞ «ውርጭ» አለው። ሙጫውንም የቀባው፣ ግድግዳውም ላይ የለጠፈው እሱ ነው። ለጥፎ ሲጨርስ መዳፉን ወረቀቱ ላይ እንዳሳረፈ ትንሽ ቆየ፤ የሚለቅ መስሎት ይሁን እንጃ።

ከተማው ይራራላቸዋል ያለ ካለ ተሳስቷል። «ከወንድምሽ ጋር ስትሽኮረመሚ አታፍሪም» የሚል ተመለሰላት። «ጽሑፏን ለማሻሻጥ ያመጣችው ተንኮል ነው» የሚል ተመለሰላት። ሽማግሌዎቹ፣ እነዚያ ዋሺ ያሏት ራሳቸው፣ አዋረደችን ብለው ሰላምታ ነፈጉን። ፋንታው የቆጠረው ዘር ከየት እንደመጣ ስለተነቃበት በእኔ ተቀየመ። አንዱ መጥቶ ወረቀቱን በምስማር ፋቀው። ማሬ ሁሉንም ተቀበለች፤ ለሁሉም መለሰች። በሰኔ ደምመላሽ ማሽኑን አይሱዙ ላይ ጭኖ ወደ አንበሳሜ ሄደ። ግድግዳውን አዲሱ ተከራይ ቀለም ቀባው። ጣራ ገዳም የተሳልሁትን ለማድረስ ሦስት ጊዜ ተነሥቼ እግሬ እንቢ አለኝ። ምን ብዬ ነው የማመሰግን?

ማሬ መጻፏን አላቆመችም። እንዲያውም ያን ጊዜ ነው መጻፍ የቻለችው ይላሉ የሚያውቁ ሰዎች። የንጉሡ ልጅ አለቀሰች። ጉሙም ሲሸለት መጮህ ጀመረ፤ ቀስ ያለ ጩኸት ነው፣ የሚሸልተው ሰው ብቻ የሚሰማው። ከየት አመጣሽው ብለው ሲጠይቋት ኔት ተመልሶ ነበርና በቴሌግራም ጻፈችላቸው፤ ከማን እንደሆነ፣ ከምን እንደሆነ፣ ሳትሸፍን።

በሚቀጥለው ዓመት ኅዳር ላይ አያ ባዩ ሞቱ የሚል መልእክት ደረሰን። ላለመሄድ ምክንያት ፈለግሁ። ብርዱ፣ አቀበቱ፣ የሰው ምላስ። ማሬ ግን ጥቁሯን ለብሳ ጨርሳ ነበር። «ዘመዴ ናቸው» አለች። ጉናን በእግር ወጣን። ውርጭ የመታው የገብስ ገለባ ከእግራችን ሥር ይሰበራል። የማስበው አንድ ነገር ነበር፤ እዚያ ሰው ሁሉ ፊት ምን ትሆንብኛለች።

ለቅሶው ቦታ ስንደርስ የቤቱ ሴቶች ማሬን ከእንግዶቹ መሐል አወጧት። የገላው ዘር ናት ተባባሉና ከሟች ሴት ልጆች ጎን አስገቧት። ደምመላሽ ጋቢውን አሸርጦ ከድንኳኑ ደጃፍ ቆሟል። ከስቷል። ባዳ ብትሆን ኖሮ እግዜር ያጽናህ ብላ፣ ጎንበስ ብላ፣ ታልፈው ነበር። የሥጋ ዘመድ ግን እንዲህ አያልፍም። አንገቱ ላይ ተጠመጠመች። እሱም ያዛት። ሁለቱም ጮኸው አለቀሱ።

አልቃሹ አንድ ዙር ጨረሰ፣ ሌላ ጀመረ። እነሱ አልተላቀቁም። ትከሻው ይንቀጠቀጣል፤ እሷ አንድ ነገር እያለች ታለቅሳለች፣ ቃሉ አይሰማም። ሰው ያየብናል፣ አሁን ይነቁብናል ብዬ ላላቅቃቸው ተነሣሁ።

አንዲት የማላውቃት አሮጊት የነጠላዬን ጫፍ ይዘው ወደ ታች ጎተቱኝ።

«ተያቸው እንጂ፣ እታለም» አሉኝ። «ዘመዳሞች አይደሉም እንዴ። ይውጣላቸው።»

ተውኋቸው።